የእህቴ ስላይድ

ማክሰኞ 6

ታላቅ እህቴ እትዬ ዛሬ በካሜራ ታየች። ደም ማነስ ነው እየተባለ ስንት ወር የብረት ክኒን ስትውጥ ከርማ፣ በመጨረሻ አንጀቷ ይታይ ተባለ። ወደ ሆስፒታሉ ስንሄድ የታክሲውን ሹፌር ሁለት ሦስት ጊዜ መንገድ አረመችው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ሌላ ሰው ሲነዳ እግሯ ፍሬን ይፈልጋል።

ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። "በቀኝ በኩል፣ ትልቁ አንጀቷ ላይ እብጠት አለ። ናሙና ወስደናል" አለኝ። እሺ አልኩ። ናሙናው የሚሄደው እኔ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ መሆኑን አልነገርኩትም፤ ምን ያደርግለታል?

እትዬ ከማደንዘዣው ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ፈረቃዋን ማን እንደያዘላት ነው።

ረቡዕ 7

መጣ። ትንሽ ጠርሙስ፣ የእሷ ቁጥር።

የክፍላችን ደንብ የትም አልተጻፈም፣ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። የዘመድህ ናሙና ሲመጣ አትነካውም፤ ለባልደረባህ ታቀብለዋለህ። በቁመቱ ምክንያት ቀጭኔ የምንለው የሥራ ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። እጄን ብዘረጋ ይበቃ ነበር።

አላቀበልኩም።

ሐሙስ 8

ቀኑን ሙሉ ለሰው ሳልናገር ዋልኩ። አሁን እትዬ ተኝታለች፤ ልጻፈው።

ሥራዬ ለሚያውቀው ቀላል ነው። ከሰው የተቆረጠች ቅንጣት ሥጋ በሰም ትደፈናለች። እኔ በማሽን ከፀጉር አሳስቼ እቆርጣታለሁ፣ ለብ ያለ ውሃ ላይ አንሳፍፌ በመስታወት ስላይድ አነሣታለሁ፣ ቀለም ውስጥ እነክራታለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የክፍላችን ሐኪም፣ የዶክተሯ ነው፤ በማይክሮስኮፕ አይተው በሽታውን በስሙ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እኔ የተማርኩት ስላይዱ በደንብ መሠራቱን ለማየት እንጂ ምን እንደሚል ለማንበብ አይደለም።

ዛሬ ውሃው ላይ የተንሳፈፈችው ግን እህቴ ነበረች። እናታችን ስታርፍ እኔ ገና በእግሬ አልሄድም ነበር፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የዚያ ሰውነት ቁራጭ ትንፋሼ እንኳ ሊያጥፋት በሚችል ስስነት ተዘርግታ፣ ብርሃን እያለፈባት፣ ቀስ ብላ ዞረች። እጄን ሰብስቤ ቆሜ አየኋት። በዚህ ሥራ ስንት ሰው በእጄ አልፏል፤ ሰው ይህን ያህል ስስ መሆኑ የገባኝ ዛሬ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን እኛ ቴክኒሻኖች አንድ ክፉ ልማድ አለን። ስላይዱ ለዶክተሯ ከመግባቱ በፊት አጮልቀን እናይና እንገምታለን፤ "ደህና ነው"፣ "ነገር አለው"፣ "አልቆለታል" እንላለን። ብዙ ጊዜ ስለሚሰምርልኝ ቀጭኔ ጠንቋዩ ይለኛል። ስሙን እጠላዋለሁ ብል ውሸቴን ነው።

አየሁት። ደህና አንጀት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሣጥን ውስጥ የተደረደረ ጠርሙስ ይመስላል፤ ረድፍ አለው፣ መልክ አለው። የእትዬ ረድፍ የለውም። ትላልቅ፣ ቅጥ ያጡ ሴሎች ተፋፍገው ተገፋፍተው፣ የቱ የት እንደሚያልቅ አይለይም። በመሀላቸው ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች እንደ አዝሙድ ተዘርተዋል። የበሽታው ፍሬ መሰሉኝ። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር አይቼ አላውቅም።

አልቆለታል አልኩ፣ በልቤ።

አርብ 9

እንጆሪ ገዛሁላት። ዩኒፎርሟን ተኮስኩ። ቆሻሻ አወጣሁ፤ ተራው የእሷ ነበር።

"ምን ነካህ?" አለችኝ። ምንም አልኩ።

እሑድ 11

ማታ ማታ ካርታ እንጫወታለን፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። ዛሬ በላይ በላዩ አሸነፈችኝ። በመጨረሻው ዙር እጄ ላይ የቀረውን ካርታ ተቀብላኝ ገለበጠችው።

"ንጉሥ ይዘህ ለምን አልጣልከውም?"

"አላየሁትም።"

"አንተ እኮ ታጭበረብረኛለህ እንጂ ለቀህልኝ አታውቅም።"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ካርታውን ሰብስባ ሳጥኑ ውስጥ ከታ ወደ መኝታዋ ገባች።

የማደርገው ሁሉ ለእሷ ብዬ ነው፤ የቀራትን ጊዜ ደስ ብሏት ታሳልፍ ብዬ። ለራሴ አላሰብኩም። ይሄ ቤት ለአንድ ሰው እንደሚሰፋ ዛሬ የታየኝ እንዲሁ ሳላስበው ነው።

ረቡዕ 14

ዶክተሯ ካንሰር መሆኑን ጽፈው ለቀዶ ሐኪሙ ልከዋል። ዓይነቱን ግን አልጻፉም። ቀጭኔ እንደነገረኝ ከምሳ በኋላ አንድ ስላይድ ላይ እንደተደፉ ዋሉ፤ ተነሥተው ውሃ ጠጡ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። "እንዲህ ያለ በዕድሜዬ ያየሁት ጥቂት ነው" አሉ አለኝ። ልዩ ቀለም ይቀባ ብለው ወደ ሌላ ከተማ ላቦራቶሪ ላኩት።

የማን እንደሆነ ቀጭኔ አያውቅም። "ማንም ይሁን፣ ምስኪን" አለ።

ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ ቆየሁ።

ሰኞ 19

ቀዶ ሐኪሙ ቀን ሰጣት፤ የፊታችን ሰኞ። "ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን መውጣት አለበት። ከቆየ አንጀትዎን ይዘጋል" አላት። ጥያቄ እንዳላት ጠየቃት።

"የለኝም" አለች። የምታየው ግን እሱን ሳይሆን እኔን ነበር።

ደረጃውን ስንወርድ እጇን ያዝኩ። ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ።

ረቡዕ 21

ሰረዘችው። ከሥራ ስመለስ ዩኒፎርሟን ለብሳ ኩሽና ውስጥ ቆማ ጫማዋን ትወለውላለች።

"ሆስፒታል ደውዬ ቀኑን ለሌላ ሰው ስጡት አልኳቸው" አለችኝ፣ ቀና ሳትል። "የፊታችን ሰኞ ሥራ እገባለሁ።"

"እትዬ፣ ምን ማለትሽ ነው? ሐኪሙ ያለሽን አልሰማሽም እንዴ?"

"ሐኪሙን ምን አደርገዋለሁ? አንተን አይቼ የለም?" ብሩሹን አስቀመጠች። "ዕድሜዬን ሙሉ በመስታወት የሰው ፊት ሳይ ነው የኖርኩት። ማን እንደጠጣ፣ ማን ከባሏ ተጣልታ እንደወጣች፣ ማን ሳይከፍል ሊወርድ እንዳሰበ ጀርባዬን ሰጥቼ አውቃለሁ። አንተ ለቀብር የለበሰ ሰው ፊት ይዘህ እንጆሪ ታመጣልኛለህ። አይተኸዋል፣ አይደል?"

ዝም አልኩ።

"አይተኸዋል። እንግዲያው ከሞትኩ አይቀር ሆዴን ተቀድጄ አልጋ ላይ አልሞትም። መሪዬን ይዤ የቻልኩትን ያህል ልንዳ።"

አዎ ማለት ነበረብኝ። ወይም አላየሁም ማለት። ሁለቱም አልወጡልኝ አሉ። እሷም የዝምታዬን መልስ ተቀብላ ጫማዋን መወልወል ቀጠለች።

ሐሙስ 22

እንቅልፍ የለም። ብትቀደድም ለውጥ የለውም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ራሴን እሰድባለሁ። ማንም ምንም አልነገራትም። እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ፊት ግን አለኝ፤ ፊቴን ምን ላድርገው?

ለራሴ አላሰብኩም።

አርብ 23

ጠዋት እግሬ እንዴት ዶክተሯ በር ላይ እንዳደረሰኝ አላውቅም። ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መነጽራቸውን አወለቁ።

"አንተ ነህ የቆረጥከው?"

"አዎ፣ ዶክተር።"

"ደግሞም አይተኸዋል።"

"አዎ።"

"ምን አልክ?"

"አልቆለታል አልኩ።"

"ለማን?"

"ለማንም አልተናገርኩም።"

"ሳትናገር ነው እንዲህ ያስኮበለልካት። ብትናገርማ ምን ልትሆን ነበር" አሉ። ከዚህ በላይ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ተማሪ ሲመጣ ወደሚያስተምሩበት፣ ሁለት ሰው አንድ ላይ ወደሚያይበት ማይክሮስኮፕ ወሰዱኝ። "ልዩ ቀለሙ ትናንት ገብቷል። ቁጭ በል" አሉኝ።

መጀመሪያ የእኔን ስላይድ አስቀመጡ።

"አስቀያሚ ነው?"

"በጣም።"

"እኔም ሳየው ደንግጫለሁ። እነዚህ ጥቁር ነጠብጣቦች ምንድን ናቸው?"

አየሁ። ከዚያ አፌ ከእኔ ቀድሞ "ነጭ የደም ሴሎች" አለ። በየቀኑ የማያቸው ናቸው። ጀማሪ ቴክኒሻን የሚለያቸው ናቸው። የእህቴ ሲሆን አላወቅኳቸውም።

"የማን ናቸው?"

"የእሷ።"

"የት ነው ያሉት? ዳር ላይ ቆመዋል?"

"አይ። ውስጡ ገብተዋል። እያንዳንዱ መሀል።"

እንዳየው ተዉኝ። ከዚያ ልዩ ቀለም የተቀባውን አስቀመጡ፤ ደህናው ሴል ቡናማ ሆኗል፣ ዕጢው ግን ባዶ ነጭ እንደሆነ ቀርቷል። ሴል ሲባዛ ስህተት ይሠራል አሉኝ፤ ስህተቱን እየተከተሉ የሚያርሙ ጠጋኞች በውስጡ አሉ። ቡናማው ቀለም የሚይዘው ጠጋኞቹ ባሉበት ነው፤ በእትዬ ዕጢ ውስጥ ከእነዚህ ጠጋኞች ሁለቱ ጠፍተዋል። ስለዚህ ስህተት በስህተት ላይ እየተቆለለ ይሄን መልክ ያዘ።

"መልኩን ያከፋው ራሱ ነው ያጋለጠው" አሉ። "ሌላው ካንሰር ደህና ሴል መስሎ በሰውነት መሀል ይኖራል። ይሄኛው መምሰል አልቻለም። ስህተቱ ስለበዛ ሰውነቷ ነቃበት። ሜዱላሪ ይባላል፤ ከመቶ የአንጀት ካንሰር አንድ አይሞላም። በመልኩ ከፈረድክበት ክፉ ነው፤ በጠባዩ ግን ከብዙዎቹ ይሻላል። ሳይሰራጭ ከወጣ ነው ታዲያ። ከወጣ ነው ያልኩት፤ ሰማኸኝ?"

ሰማሁ። ግን ዓይኔን ከመነጽሩ ማንሣት አልቻልኩም። ነጭ ሴሎቿን ማንም ሰው አላዘዛቸውም። ከየት ተነሥተው እንደመጡ፣ ማን መንገዱን እንዳሳያቸው አላውቅም። እትዬ ጠዋት አውቶቡሷን ስታሞቅ፣ ከተሳፋሪ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ ማታ ካርታ ስትደለድል፣ እነሱ እዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ በአንድ እየገቡ ይዋጉላት ነበር። እሷ አታውቅም፤ ደከመኝ ትላለች እንጂ። እኔ ደግሞ ወታደሮቿን አይቼ ጠላቶቿ መስለውኝ አለቀስኩ።

ፈራሁ። የሞት ፍርሃት ግን አይደለም። በጣም ትልቅ ነገር ፊት ባርኔጣዬን ሳላወልቅ የቆምኩ ዓይነት ፍርሃት ነው።

ቅዳሜ 24

ነገርኳት። ከመጀመሪያው፤ ናሙናውን ካለማቀበሌ ጀምሬ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ፤ እሷ ደግሞ ሳታቋርጥ ሰምታ አታውቅም።

"ሜዱ ምን?"

"ሜዱላሪ።"

"እና ያየኸውን ስተኸዋል ነው የምትለኝ።"

"አዎ። ያየሁት እውነት ነው፤ የገባኝ ግን በስህተት ነው።"

"ስማኝ" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። "ሞታለች ብለህ ወስነህ ምግቤን ስታቀርብ፣ ልብሴን ስትተኩስ ከረምክ። አንድ ቀን እንኳ እትዬ ምን ይሰማሻል ብለህ አልጠየቅከኝም። ለማን ነበር ያዘንከው? ለእኔ ነው ለራስህ?"

ለአንቺ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

"ከሞትኩ በኋላ ቅበረኝ፤ ችግር የለብኝም። ከዚያ በፊት ግን እጅህን ከላዬ አንሣ።"

አለቀስኩ። አላባበለችኝም። ሲበቃኝ ሶፍት ወርወር አድርጋልኝ "አሁን አሳየኝ" አለችኝ። "እኔ ራሴ ካላየሁ አላምንህም። ከእንግዲህ በፊትህ አልመራም።"

ሰኞ 26

ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት በነበረበት ቀን ዶክተሯ ዘንድ ሄድን። እሺ ይሉኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። "የራሷ ሥጋ ነው፤ ከእሷ የሚቀርብ ማን ነው?" አሉ።

እትዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ መጀመሪያ ከፍታውን አስተካከለች፤ ከዚያ ዓይኗን አስጠጋች። ዶክተሯ በትንሽ ቀስት እያመለከቱ አስረዷት። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ የማየው ጀርባዋን ነው። ከሳች። እስከ ዛሬ አላየሁም ነበር።

ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ "እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው የእኔ?" አለች።

"አዎ፣ የእርስዎ ናቸው።"

"ማን ላካቸው?"

"ማንም። ራሳቸው መጡ።"

"እኔ ሳላውቅ?"

"እርስዎ ሳያውቁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እሱን አላውቅም። ምናልባት ዓመት፣ ምናልባት ከዚያም በላይ።"

"ያለ እረፍት" አለች እትዬ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ። "እኛ እኮ ትርፍ ሰዓት ካልተከፈለን መኪና አናስነሣም።" ዶክተሯ ሳቁ። እሷ ግን ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሣችም፤ ጉንጯ ላይ እንባ ሲወርድ ከጎን አየሁ። "ያሸንፋሉ?"

"ብቻቸውን አይችሉም። ይዘውታል፤ ማቆየት እንጂ መንቀል አይችሉም። መንቀል የቀዶ ሐኪሙ ሥራ ነው።"

ቀና አለች። ፊቷን በእጇ ጠረገች።

"እንግዲያው እኔ ጥያቸው ሥራ ልገባ ነበር ማለት ነው" አለች። "ለቀዶ ሐኪሙ ይደውሉልኝና ሌላ ቀን ይስጠኝ።"

የእሷን ቀን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። አዲሱ የሚቀጥለው ወር 6 ነው። እስከዚያ አንጀቷ ባይዘጋ። ባይዘጋ።

ሐሙስ 29

ሆዴን ቆረጠኝ አለች። ላብ። ሆስፒታል ይዣት ሮጥኩ፤ አልተዘጋም፣ ግን ጠቧል አሉ። ፈሳሽ ብቻ ትውሰድ። የቀን መቁጠሪያ ማየት አቁሜያለሁ፤ አለማየትም አልቻልኩም። ያችን የሰረዘቻትን ሰኞ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

ምን ይሰማሻል ብዬ ጠየቅኳት። "አሁን ጠየቅከኝ" አለችና አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ የት እንደሚያማት፣ ምን እንደምትፈራ። ማታውን ሙሉ አወራች። ይህን ያህል ዓመት አብሬያት ኖሬ ጨለማ እንደምትፈራ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ 6

ገባች። በሩ ተዘጋ። ከመግባቷ በፊት ሆዷን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ "በሉ እንግዲህ፣ በርቱ" አለች። ነርሷ ለእሷ የተነገረ መስሏት "እሺ እናቴ" አለች።

ወጣች። ተርፋለች። ሌላውን በኋላ።

ሰኞ 10

የወጣው ወደ እኛ ክፍል መጣ። አንጀቱ፣ አብረውት የተነሡት ንፍፊቶችም ጭምር። በሽታው ተሰራጭቶ ከሆነ የሚታወቀው በእነዚህ ፍሬ በሚያካክሉ ንፍፊቶች ነው፤ ቀሪ ዕድሜዋ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ጠርሙሱን በሁለት እጄ ይዤ ለቀጭኔ አቀበልኩት። "የእህቴ ነው" አልኩት። አየኝ፤ ምስኪን ያለበት ቀን ትዝ ሳይለው አልቀረም። ማሽኑን ጠራርጎ አዲስ ስለት ገጠመ። እኔ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ስላይዶቹ ተሠርተው በአጠገቤ ወደ ዶክተሯ ክፍል ሲያልፉ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ማክሰኞ 18

ውጤቱ ደረሰ፤ ዶክተሯ ሁለታችንንም ጠሩን። ወንበር ስቤ ልቀመጥ ስል እትዬ "አንተ ውጭ ጠብቀኝ" አለች።

"እትዬ..."

"ውጭ።"

ኮሪደሩ ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር ስንት ዓመት አልፌዋለሁ፤ ተቀምጬበት አላውቅም። ይቆረቁራል። ሰዎች እኔ በቆረጥኩት ስላይድ ምክንያት እዚህ ተቀምጠው ሲጠብቁ እንደኖሩ አሰብኩ። በሩ ውስጥ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። 

ወጣች። ፊቷን አየሁ፤ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። በግምት የኖርኩት ሰውዬ አንዲት ፊደል አልለይ አልኩ። "እንሂድ" አለችኝ፤ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የያዘችውን ዱላ ተደግፋ ቀድማኝ ሄደች። ታክሲ ልጥራ ስል አውቶቡስ ነው የምትፈልገው። ስንሳፈር ሹፌሩ አወቃትና ፊት ለፊት ካለው ወንበር ሰው አስነሥቶ አስቀመጣት። አጠገቧ ቆምኩ። አልጠየቅኳትም። አንድ ፌርማታ አለፍን። ሹፌሩን "ቀስ በል፣ እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ" አለችው። ሁለተኛውን አለፍን። ብረቱን የያዝኩበት እጄ አልቦት መንሸራተት ጀመረ።

ሦስተኛው ላይ ስንደርስ መስኮቱን እያየች ተናገረች።

"ንፍፊቶቹን አንድ ሳያስቀሩ አዩአቸው። አንዱም አልተነካም። ሁሉም ውስጥ የእኔ ትንንሾች ብቻ ናቸው ያሉት። ኬሞም አያስፈልግዎትም አሉኝ፤ በየጥቂት ወሩ መታየት ብቻ። ስንት ዓመት እኖራለሁ ስላቸው፣ ይሄ በሽታ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ በቁጥር ልነግርዎ አልችልም፣ እንደ እርስዎ በጊዜ የወጣላቸው ግን አብዛኞቹ ድነው ይኖራሉ አሉኝ።"

ከጎኗ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው አየኝ፤ ይየኝ። "ታዲያ እትዬ፣ ያኔውኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አልኳት።

ከወንበሯ ሆና ቁልቁል አየችኝ።

"አንተ ሞቴን ሁለት ሳምንት ደብቀህ ይዘህብኝ ዞረሃል" አለች። "እኔ ሕይወቴን ሦስት ፌርማታ ብቻዬን ብይዘው ምን አለበት?"

እስክንወርድ ድረስ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።